የአባዬ ካርድ ቁጥር

አባዬ አርባ ዓመት ሒሳብ አስተምሯል። ካልኩሌተር የያዘ ተማሪ ክፍሉ ድርሽ አይልም ነበር። ሆስፒታል ሲተኛ ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር፣ 1022117፣ እንቅልፍ ነሳው። ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው ቁጥር አለ ወይ? በሁለት አይካፈልም፣ በሦስትም። ሳምንቱን ሙሉ በምርመራ ወረቀቶች ጀርባ ሲያካፍል ሰንብቶ 997 ላይ እጁ ዛለ።

"አንዲት ቀረች፣ ልጄ። በ1009 ሞክሪልኝ። በሷም ካልተካፈለ ሌላ መሞከር አያስፈልግም።"

ሦስት ቀን አልተኛሁም፤ እሱ ነፍሱ ልትወጣ ያካፍላል! ንድድ አለኝ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ወረቀቱን እንዲሁ ሞነጫጨርኩና፣ "አይካፈልም አባዬ፤ በቃ ተኛ" አልኩት።

"ምስኪን" አለ ካርዱን እየዳበሰ። "እንደኔ ብቻውን ነዋ።"

በማግስቱ አረፈ።

ከቀብር መልስ ልብሱን ስሰበስብ ካርዱን ኪሱ ውስጥ አገኘሁት። ቁጭ ብዬ በ1009 በእጄ አካፈልኩት። ምንም ሳይተርፍ ተካፈለ፤ 1013 ደረሰ። ሁለት ነበሩ፤ በመሃላቸው ሦስት ቁጥር ብቻ።

እኔም እኮ አጠገቡ ነበርኩ።