ያለቀ ቀለሃ

ውድነህ ጋራዡን ሲከፍት ቀይዋ ባልዲ ቦታዋ ላይ የለችም።

የጠመንጃ ቀለሃ ባሩድና አረር ተሞልቶ ደግሞ ይተኮሳል፤ ግን በተተኮሰ ቁጥር ናሱ እየተለጠጠ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ይሳሳል። ውድነህ ከተኩስ ሜዳ እየለቀመ፣ ስንቴ እንደተተኮሰ እየለየ ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ ያሸጋግረዋል። አምስት ጊዜ የሠራውን ቀይዋ ባልዲ ውስጥ ይጥልና ለብረታ ብረት ገዢ ይሸጣል። ያ ቀለሃ እንደገና ከተሞላ አፈሙዙን ትቶ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት ሊፈነዳ ይችላል።

የሚስቱ ወንድም ምናሉ ነው የሚሞላው። ውድነህ ሴንቴኒያል ከተማ፣ እነ ምናሉ ቤት ደወለ። የምናሉ ሚስት ሠርካዲስ አነሳች። ባሏ ባልዲዋን ትናንት ወስዶ ሲሞላ አመሸ፤ ዛሬ ጠዋት የውድነህን ልጅ ፀዳልን ይዞ ወደ ተኩስ ሜዳው ሄደ።

«ጋሼ አንድ ሳይቀር ለቅመው ጨርሰውልኛል እያለ ሲመርቅዎት ነበር» አለችው።

ውድነህ ስልኩን ዘጋ። ባልዲዋ ላይ በራሱ እጅ በትልቁ የጻፈው ትዝ አለው፤ «ያለቀ»።

ምናሉ ጋ ደወለ፤ አያነሳም። ልጁ ጋ ደወለ፤ አታነሳም። እዚያ ሁሉም ጆሮውን ደፍኖ ነው የሚቆመው። መኪናውን አስነስቶ ከሚኖርበት ከፒዮሪያ ወጣ። ቀይ መብራት ያዘው። ጣቶቹ መሪውን ይደበድቡ ጀመር። ሀይዌዩ ላይ ሲወጣ በሕይወቱ ነድቶ በማያውቀው ፍጥነት ወደ ምሥራቅ ነዳ።

ሲደርስ ተኩሱ ይንጣጣል። ፀዳልን ከጀርባዋ ለያት። ጉንጯን ሰደፉ ላይ አስተኝታ ታልማለች። ምናሉ አጠገቧ እጁን አጣምሮ ቆሟል። «ፀዳል» ቢላት አትሰማም፤ ሮጦም አይደርስም። እንግሊዝኛው ብዙ አይደለም፤ ተኩስ አቁሙ የሚባልባትን ይህችን ቃል ግን ያውቃታል፤ እዚያ ማንም ቢላት ሁሉም ያቆማል።

«ሲዝ ፋየር!»

አጠገቡ የቆመው የሜዳው ተቆጣጣሪ ተቀብሎ በድምፅ ማጉያ አስተጋባ። መስመሩ ጸጥ አለ። ፀዳል ጣቷን ከምላጩ አንስታ ዞረች።

ውድነህ ደርሶ ጠመንጃውን ከፍቶ የጎረሰውን ጥይት አወጣ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እግሯ ሥር ከወደቁት ቀለሃዎች አንዱን አነሳና ለምናሉ ሰጠው። ወገቡን ግማሽ ድረስ የዞረ ስንጥቅ ነበረበት።

ምናሉ ፊቱ አመድ መሰለ። «ያለቀ ብለው ጽፈው የለ እንዴ ጋሼ? ለቅመው የጨረሱት መስሎኝ ነው እኮ።»

«ያለቀ ጫማ ቢሉህ ትገዛለህ?»

«ያለቀ ቤት ቢሉዎትስ ያፈርሱታል?»

ውድነህ የተሰነጠቀውን ቀለሃ መልሶ ተቀበለው።

ተቆጣጣሪው ምን እንደተፈጠረ ሊጠይቅ ወደነሱ እየመጣ ነበር። ፀዳል መዳፏን ጉንጯ ላይ፣ ሰደፉ ያረፈበት ላይ አደረገች።

«አባዬ፣ ሌሎቹስ? የተኮስኳቸው? ደህና ነበሩ?»

«ደህና ናቸው» አላት።

ተንበረከከና የቀሩትን ቀለሃዎች እሷ ሳታያቸው እየለቀመ ኪሱ ከተተ።