ሰማያዊው ጭስ

ጡረተኛው መምህር ባለ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሲሲ ቤንዚን መኪናቸውን ጋራዥ አስገቧት። ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች፤ ሞተሯ ካበቃለት ሊሸጧት ነው። መካኒኩ የዘይት መለኪያዋን መዘዘና ሳቁ አመለጠው።

«ጋሼ፣ መኪናዋን በዘይት ሊያሰምጧት ነው እንዴ? ከልኩ በላይ እኮ ነው!»

«አሮጌ ሞተር ዘይት ይበላል ሲሉኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትንሽ ጠብ አደርግላታለሁ።»

ከኋላ ወንበር ሚስታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ደግሞ እሁድ እሁድ። አንተ ትረሳለህ ብዬ።»

«ታዲያ እሷ ምን አጠፋች?» አለ መካኒኩ። «ጥጋብ ነው የያዛት!»

ትርፉ ዘይት ፈሰሰ፤ ሞተሩ ተነሣ። ጭሱ እየሳሳ ሄዶ ድራሹ ጠፋ።

መምህሩ እፎይ አሉ። «የኔ እመቤት፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ልርሳ፤ አንቺም አታስታውሺ።»