ያልተሻረው ገጽ

1

«ጓጎለብኝ!»

ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ደዋዩ ደምሰው ነው፤ የሆስፒታሉ የላብራቶሪ ባለሙያ።

«ኤ ነው ብላችሁ የላካችሁት ደም ከሴትዮዋ ደም ጋር ስቀላቅለው ጓጎለ። ከረጢቱን ስመረምረው ቢ ነው እንጂ ኤ አይደለም! ወልዳ እየደማች ነው፤ ቶሎ ሌላ ላኩ!»

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ነበር። ክፍሉ ሁሉ ምን ተበላሸ እያለ ሲተራመስ እኔ አውቅ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አውቅ ነበር።

2

አምሃ እባላለሁ። በአንድ የደም ባንክ የኮምፒውተር ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ሲስተሙ በቆመ ቁጥር «አምሃን ጥሩት» ይባል ነበር።

ነበር።

3

ሄርሜላ ስትቀጠር ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በሁለተኛ ወሯ አለቃችን ኢንጂነር ጥላዬ ስብሰባ ላይ አስነሳትና «ዘጠኝ ዓመት የተንፏቀቅንበትን በአንድ ወር ገላገለችን» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

ቀናሁ።

ሌላ ቃል ፈልጌለት ነበር፦ «ለመሥሪያ ቤቱ ተቆረቆርኩ» የሚል። አንባቢ ሆይ፣ አትመነኝ። ሳቋ ከኮሪደሩ ሲሰማ ተነስቼ በሩን እዘጋ ነበር። ሰዎች በሩን ከፍተው «ሄርሚ የለችም?» ይላሉ፤ እኔን ያያሉ፤ መልሰው ይዘጉታል።

4

ይህችን ካላወቅህ ጥፋቴ አይገባህም።

ኮምፒውተር ፋይል በተጠየቀ ቁጥር መረጃው ለዘለቄታው የተቀመጠበት ዲስክ ድረስ አይሄድም። አንዴ ያነበበውን ገጽ ጊዜያዊ ማከማቻው ሚሞሪ ላይ ያስቀምጥና ለሚቀጥለው ጠያቂ ያንኑ ቅጂ ይሰጣል። ሄርሜላ የሠራችው ኮድ ግን አዲስ መረጃን በቀጥታ ዲስክ ላይ የሚጽፍ ነው። እንዲህ ያለው ኮድ ቅደም ተከተል መጠበቅ አለበት፦

ሀ. ሚሞሪ ላይ ተለውጦ ዲስክ ያልደረሰ ገጽ ካለ፣ ወደ ዲስክ አውርደው።
ለ. አዲሱን ዲስክ ላይ ጻፍ።
ሐ. ሚሞሪ ላይ የቀረውን አሮጌ ቅጂ ሻረው።

እሷ «ሐ»ን ከ«ለ» አስቀደመች። አሮጌው ተሽሮ አዲሱ ሳይጻፍ፣ በዚያች መሀል አንድ ሰው ፋይሉን ቢከፍት አሮጌው ገጽ ተመልሶ ሚሞሪ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ የሚሽረው የለም።

5

ኮዱን ልታሳየኝ የመጣች ቀን የተባባልነው፦

ሄርሜላ፦ ጋሽ አምሃ፣ አንዴ ያዩልኛል? እርስዎ ሳያዩት ለሥራ አልለቀውም።
እኔ፦ አንቺ የጻፍሽውን ደግሞ እኔ ምኑን አየዋለሁ?
ሄርሜላ፦ አይቀልዱ እንጂ! ይኼን ሲስተም ከእርስዎ በላይ ማን ያውቀዋል?

ስህተቱን ለማግኘት አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ጉዷ ሲወጣ፣ ጥላዬ ወደ እኔ ዞሮ «አምሃ፣ እስቲ አንተ እየው» ሲል ታየኝ።

«አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው» አልኳት።

«ይባረኩ ጋሼ» አለች። በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ብርቱካን አስቀምጣልኝ አገኘሁ።

6

(ይህን ቁጥር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴም አጠፋሁት። ለራሴ የደረደርኩት ምክንያት ነበረበት።)

7

ያን ዕለት ጠዋት የሆነው ይህ ነው። አንድ የደም ከረጢት በስህተት «ኤ» ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ድጋሚ ሲመረመር «ቢ» ሆኖ ተገኘና መዝገቡ ታረመ። ዲስኩ ላይ «ቢ» ተጻፈ። ከመጻፉ በፊት በነበረችው ቅጽበት ግን የማከፋፈያ ክፍል ሠራተኛዋ ያንኑ ፋይል ከፍታ ነበር። ሚሞሪው ላይ «ኤ» እንዳለ ቀረ። መለያ ወረቀቱም ከዚያው ታተመ፤ ከረጢቱ ሄደ።

ደምሰው መቼም ሳይቀላቅል አይሰጥም። ያን ቀን ቸኩሎ ቢሰጥ ኖሮ…

8

ሌላ ደም እስኪደርስ አርባ ደቂቃ ፈጀ።

እኔ ሰርቨሩ ፊት ቆሜ ሚሞሪው ላይ ያሉትን ቅጂዎች በሙሉ ሻርኩ። ትእዛዙ አንድ መስመር ነው። እሱንም ሁለቴ ተሳሳትኩ። ሄርሜላ አጠገቤ ቆማ የራሷን ኮድ ደግማ ደጋግማ ታነባለች፤ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ጣቷን መስመሩ ላይ ጫነች።

አምስት ተኩል ላይ ደምሰው ደወለ። «ተርፋለች» አለ። «ልጇም ደህና ናት።»

ሄርሜላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

9

ጥላዬ ሁለታችንን ቢሮው ጠራን።

ጥላዬ፦ ይህን ኮድ የለቀቀው ማነው?
ሄርሜላ፦ እኔ ነኝ። ቅደም ተከተሉን አዛብቻለሁ።
ጥላዬ፦ ለማንም አላሳየሽም?
ሄርሜላ፦ ጥፋቱ የኔ ነው ብያለሁ እኮ።

ወደ እኔ ዞር አላለችም። ሦስት ሳምንት የተመኘሁት ሰዓት ይኸው ደረሰ፤ ተዋረደች፣ ድምጿ ተሰበረ። እኔም እንደገና ቀናሁባት። እንዲያ ብሎ መናገር በመቻሏ።

10

ጥላዬ የሪፖርት ቅጽ ሰጥቶን ወጣ። እሷ ሞላች፣ ፈረመች፣ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «የቀረውን እርስዎ ይጨርሱት ጋሼ» አለችኝና በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች።

ቅጹ ፊቴ ነው።

የስህተቱ ዓይነት፦ አሮጌ ቅጂ ሳይሻር መቅረት

ስህተቱን የፈጸመው፦ ሄርሜላ ዘሪሁን

ኮዱ ከመለቀቁ በፊት የመረመረው፦