የመርፌው ትክክለኛ ፍጥነት

በዚያ ክረምት ዝናቡ አላባራም። ሠርጎች ቀሩ፣ ፎቶ የሚነሳ ጠፋ፣ የተከራየናት ክፍል ግድግዳ በጎርፍ ተናደ። ታላቅ ወንድሜና እኔ አንድ ካሜራ ይዘን ደጅ ወጣን። ያስጠጋን አንድ ልብስ ሰፊ ነው። ከሱቁ ጀርባ ጨርቅ የሚያስቀምጥባትን ክፍል አጽድቶ ግቡ አለን። ኪራይ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ክረምቱ እስኪያልፍ እዚያው ከረምን።

ሰው መርፌው ይለው ነበር። ስለሚሰፋ አይደለም፤ በጎን ሲቆም ስለማይታይ ነው።

ወንድሜ ውለታውን በሚያውቀው ሥራ ሊመልስ አሰበ። መርፌውን በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ሲሠራ ሊቀርጸው። ካሜራችን እንደ ሰዓት በእጅ የሚሞላ ነበር፤ የቀረን ፊልም ደግሞ ትራፊ ብቻ። ፊልሙ እንዲበረክት ብሎ የካሜራውን ፍጥነት ቀነሰው። እንዲያ የተቀረጸ ሰው ፊልሙ ሲታይ እንደሚሮጥ ያውቃል። ቸግሮት ነው።

ግድግዳ ላይ ያሳየን ቀን ጎረቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መርፌው እንደ ዶሮ ይጭራል፣ እጁ ይበራል፣ እግሩ አይያዝም። አንዱ፣ ይሄ ሰውዬ መኪናዋን ሊነዳት ነው እንጂ ሊሰፋባት አይደለም አለ። መርፌውም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ሱቁ ገባ። ተረጋግቶ በመሥራቱ የሚኮራ ሰው ነበር። ወንድሜ ተከተለው፤ እኔም በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

"ይሄ ዕዳዬ ነው" አለው። "አንድ ቀን አንተን እንደ አንተ አድርጌ አሳያለሁ።"

ሳያሳይ ሞተ። መርፌውም ብዙ አልቆየም። ዕዳው እኔ ላይ አደረ።

አሁን ስቱዲዮውን የያዘችው ልጄ ናት። ኮምፒውተር ላይ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፤ እኔ ጥግ ይዤ አያለሁ። የመርፌው የመጨረሻ ልጅ ልታገባ ሆነና በሠርጉ አዳራሽ የሚታይ የቤተሰብ ፊልም አዘዘችን። ትረካውን በራሷ ድምፅ ቀዳች። ከሥሩ የመረጠችው ሙዚቃ አለ፤ ፊልሙና ሙዚቃው አብረው ያልቃሉ። ወንድሜ ያኔ የቀረጸው፣ አባቷ የስፌት መኪናው ላይ የተቀመጠበት ቁራጭ መሃል ላይ ገባ። ከእሱ የቀረ ሌላ ተንቀሳቃሽ ምስል የለም።

ከሠርጉ በፊት ባለው ቀን የመርፌው ሚስት ልታየው መጣች። አይታ ሲያልቅ ነጠላዋን አስተካከለች። ባሏ በአማቾቿ ፊት እንዲሳቅበት እንደማትፈልግ፣ እንዲህ ከሚሯሯጥ ጭራሽ ቢወጣ እንደሚሻላት ነገረችን። ሙሽራዋ ደግሞ አባቴ ከሌለበት ፊልሙ ይቅር ብላለች።

ልጄ ወንበር ሳበችላት።

"አይወጣም እትዬ። ይቀመጡ፣ አሁን ይስተካከላል።"

ቁራጩን እዚያው ባለበት ፍጥነቱን በግማሽ ቀነሰችው። ፍጥነት ሲቀንስ ቁራጭ ይረዝማል። ከኋላው ያሉት ምስሎች እንዲገፉ አዘዘች፤ ተገፉ። የሙሽራዋ ድምፅ ግን በሌላ መስመር ተቆልፎ ስለነበር ንቅንቅ አላለም። መርፌው ገና አልጨረሰም፤ ጢሙ ስክሪኑን ሞልቶት እያለ ሙሽራዋ "ይህቺ ደግሞ ውድ እናቴ ናት" አለች።

"ጢም ማብቀሌን ማን ነገራት?" አለች እናቲቱ።

ልጄ ሳቀች፤ እጇ ግን እየሳቀችም ሥራ ላይ ነበር። ያደረገችውን ሁሉ ወደ ነበረበት መለሰችው። ትክክለኛውን ፍጥነት ገና ስላላወቅን እዚህ ውስጥ በሞከርን ቁጥር ሌላውን እንደምናበላሽ አስረዳችን። ቁራጩን ገልብጣ ታይምላይን በሚሉት ሌላ ባዶ የመቁረጫ ሰሌዳ ላይ ለብቻው አኖረችው። እዚያ ቢረዝም የሚገፋው፣ ቢያጥር ክፍት የሚተውበት ጎረቤት የለውም።

ወንድሜ ካሜራውን ስንት ላይ እንዳደረገው አልነገረኝም። ልጄ በግማሹ አሳየችን። ለእኔ ደህና መሰለኝ። ሴትዮዋ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ልጄ ትንሽ ጨመረች፣ ትንሽ ቀነሰች፣ የቱ ነው ብላ ጠየቀቻት። እኔ የእናንተን ቁጥር የት አውቄ አለች።

ያኔ ልጄ ስክሪኑን ትታ ወደ ጠረጴዛው ሥር ስትመለከት አየሁ። እኔም ተመለከትኩ። የሴትዮዋ እግር ወለሉን ይረግጣል። ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት። ዕድሜዋን ከባሏ መኪና አጠገብ ቁልፍ ስትተክል የኖረች ናት፤ የመኪናው ምት እግሯ ውስጥ ቀርቷል። ራሷ አላወቀችውም። ስክሪኑ ላይ ያለው እግር ግን ይቀድማታል።

ልጄ ፍጥነቱን ቀነሰች። አሁንም ይቀድማል። ደግማ ቀነሰች። አሁን ሁለቱ እግሮች አብረው ወረዱ፣ አብረው ተነሱ።

"ተዪው እናቴ" አለች ሴትዮዋ። "እሱ ነው።"

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ፈጣን ነበር። ልጄ የትረካውን መስመር ቁልፍ ከፈተች፣ የሙዚቃውን ቆለፈች። ከቁራጩ በኋላ ያለውን ምስልና ድምፅ በአንድነት ይዛ ወደ ኋላ ገፋችው፤ በተከፈተው ቦታ የተስተካከለውን መርፌ አስገባች። አጫወተችው። ሙሽራዋ "ይህቺ ደግሞ ውድ እናቴ ናት" ስትል እናቲቱ ብቅ አለች፣ ያለ ጢም።

መጨረሻው ላይ ግን ሙዚቃው አልቆ ሙሽሮቹ በዝምታ ቀሩ። መርፌው በረዘመው ልክ ፊልሙ ረዝሟል። ልጄ ከሌላ ቦታ መቁረጥ እንዳለብን ነገረችኝ።

"ወይስ ፊልሙ ላይ ያሉትን የሙሽራውን አጎት ላስሩጣቸው?" አለች።

የፊልሙ መግቢያ ላይ የስቱዲዮው ስምና ስልክ ነበር፤ ርዝመቱ መርፌው የጨመረውን ያህል ነው። ዓመቱ ሥራ የቀዘቀዘበት ነው። በዚያ አዳራሽ ልጅ ለመዳር የተቃረበ ሰው እንደሚሞላ አውቃለሁ፤ ለዚያ ብለን ነው መግቢያውን አሳምረን የሠራነው።

"ስማችንን አውጪው" አልኳት።

"አባዬ፣ እሱ እኮ እንጀራችን ነው።"

"አውጪው።"

ዞራ አየችኝ። አወጣችው። ከሙዚቃው በቀር ሁሉም ነገር ወደ ፊት ተሳበ፤ የመጨረሻው ምስልና የመጨረሻው ምት አብረው አለቁ።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ማየት የፈለግሁት ፊልሙን ሳይሆን ሰዎቹን ነው። መርፌው መጣ። ምስሉ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ሰውዬው ግን አይቸኩልም። ጨርቁን አለሰለሰ፣ መርገጫውን ረገጠ፣ ቀና ብሎ ካሜራውን አየ። ወንድሜን ማለቴ ነው። ያን አስተያየት ያኔ በሩጫው ውስጥ አላየነውም ነበር።

ማንም አልሳቀም። የሙሽራው አባት ወደ ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው የባለቤትዎ እጅ እንዴት የረጋ ነው አሉ። ችኮላ የሚባል አያውቅም ብላ መለሰችላቸው።

መብራት ሲበራ በወንበሮቹ መሃል አልፋ ወደ እኔ መጣች።

"ወንድምህ ዕዳዬ ነው ያለውን ባሌ ነግሮኝ ነበር፤ ዛሬ ደርሶኛል" አለች። "ስለ እሱም ሆኜ ተቀብያለሁ።"