ያልተገደፈው ሠላሳ

ዘነበች የአባቷን የበግ ጠጉር ባና ተከናንባ በለቅሶው ድንኳን ጥግ አቀርቅራ ሳለ፣ ከባናው ውስጥ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። አጠገቧ የነበሩት ለቀስተኞች ወሬያቸውን አቋረጡ። የሟቹ እህት እትዬ የትምወርቅ እጃቸውን ወደ ባናው ሰደዱና ደብተር ይዘው ወጡ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ደብተር ነው፣ እትዬ።"

"ደብተርነቱንማ አየሁት። ወንድሜ የተቀበረው ትናንት ነው።"

እትዬ የትምወርቅ ፊደል አልቆጠሩም፤ ቢሆንም ገለጥ ገለጥ አድርገው ሲያዩ ገጹ ሁሉ የተጋደመ መስቀል መሆኑ ትንሽ ሳያለዝባቸው አልቀረም። ያ መስቀል ኮሌጁ ኤክስ የሚለው፣ የወንድማቸውን ልጅ ሁለት ጊዜ ያስለቀሰ ነገር መሆኑን ማን ይንገራቸው።

ዘነበች እዚሁ መሐል ሜዳ አቅራቢያ ባለ ትምህርት ቤት በሰርተፍኬት የምታስተምር መምህርት ናት። ሰርተፍኬት ያለው ሁሉ ዲፕሎማ ይያዝ የተባለ ጊዜ እሷም በርቀት ተመዘገበች። ሌላውን ትምህርት ሁሉ አለፈች፤ አልጀብራን ግን ሁለት ጊዜ ወደቀች። ሦስተኛው ፈተና የመጨረሻ ነው፤ እሱንም ከወደቀች ሦስት ዓመት የለፋችበት ይቀራል። ፈተናው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከተማው ውስጥ ይሰጣል። ቅዳሜ ደግሞ የአባቷ ሰልስት ነው።

አባቷ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ በደብሩ ባሕረ ሐሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ቀምረው የሚያወጡ ሰው። እኛ ጎረቤቶቻቸው ቀኑን ከሬዲዮ ብንሰማም እንኳ ሄደን እንጠይቃቸው ነበር። ካልጠየቅናቸው ያኮርፋሉ።

ልጃቸው መጀመሪያ የወደቀች ጊዜ የፈተና ወረቀቷን አምጪ አሏት። እሷም አንዱን ጥያቄ በአማርኛ አስረዳቻቸው፤ ከማይታወቅ ቁጥር ላይ አሥራ ስድስት ሲቀነስ ሃያ ስምንት ቢቀር፣ ቁጥሩ ስንት ነው? የሷ መልስ አሥራ አራት ይላል። በላዩ ላይ በቀይ ተሰርዞበታል።

መሪጌታ በጣታቸው ሠርተው አርባ አራት አገኙ፤ ሠላሳውን ገደፉ፤ አሥራ አራት ቀረ።

"ልክ ነሽ እኮ" አሉ።

ጉዱ የወጣው ያን ጊዜ ነው። በባሕረ ሐሳብ ቁጥሩ ከሠላሳ ሲያልፍ ሠላሳው ይገደፋል፤ የሚፈለገው ትራፊው ነው። ዘነበች ከልጅነቷ ጀምሮ አባቷ እግር ሥር ተቀምጣ ይህን ስትሰማ አድጋለች። ፈተና ላይ ስትቸኩል እጇ ከሠላሳ በላይ የሆነውን መልስ ሁሉ ሳታስበው ይገድፈዋል።

"ኮሌጁ አይገድፍም?"

"አይገድፍም፣ አባዬ።"

"ታዲያ ሠላሳውን ምን ያደርጉታል?"

"እንዳለ ይተዉታል።"

መሪጌታ ይህን ነገር ለመቀበል ሳምንት ፈጀባቸው። ልጃቸውን የጣላት የገዛ ትምህርታቸው መሆኑ ሲገባቸው ግን በስድሳ ስምንት ዓመታቸው አልጀብራ ጀመሩ። ለደቀ መዛሙርታቸው የሚያሳዩበት ሠላሳ ፍሬ ባቄላ በትንሽ የቆዳ ከረጢት ነበራቸው። ባቄላውን በሁለት እጅ ይከፍሉና ግራውን ዘርግተው ቀኙን ይጨብጣሉ። "የሚታየው አሥራ ሁለት ነው፤ ጭብጤ ውስጥ ስንት አለ?" ይላሉ። አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት ሁለቱ የባሕረ ሐሳብ ቁጥሮች ሁልጊዜ ተደምረው ሠላሳ ስለሚሆኑ፣ አንዱን ያወቀ ሌላውን አያጣም። አንድ ቀን ጭብጣቸውን ትክ ብለው እያዩ፣ "ለካ ኤክስ የሚሉት ይኼን ነው" አሉ። ከዚያ ወዲህ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ኤክስን ማስረዳት አመል ሆነባቸው። እኔ ራሴ በግ ፍለጋ ወጥቼ እዚያ ተይዤ አምሽቻለሁ።

ሁለተኛው ፈተና ላይ እጇ አሁንም ገደፈ። መሪጌታ ያን ቀን እራት አልበሉም።

እንግዲህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ የሚንሾካሾከው ሁሉ ስለዚሁ ነበር። ገሚሱ ትሂድ አለ፤ ገሚሱ ደግሞ በአባቷ ሰልስት ወንበር ላይ ተቀምጣ እስክሪብቶ ልትይዝ ነው ወይ አለ። የሟቹ የነፍስ አባት አባ አፈወርቅ ሲመጡ ነገሩ እሳቸው ላይ ወደቀ። ጸሎቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፣ መንገዱ የአንድ ሰዓት ነው፣ ሰው የሚሰበሰበው ከስድስት በኋላ ነው አሉ። ትሂድ ማለትዎ ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁ ሰዓቱን ነው የተናገርኩት ብለው ወጡ።

እትዬ የትምወርቅ ደብተሩን መለሱላት።

"እኔ አልከለክልሽም" አሉ። "አላይሽም እንጂ።"

በማግስቱ ዘነበች ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣች በቀጥታ ወደ ከተማ ወረደች። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ስትገባ ፈታኙ አየት አደረጋትና ወረቀቱን ከሁሉ በፊት ሰጣት። የመጨረሻው ጥያቄ ሁለት ኤክስ ላይ ስድስት ሲደመር መቶ ይሆናል የሚል ነበር። ስድስቱን ቀነሰች፤ ዘጠና አራቱን ለሁለት አካፈለች፤ አርባ ሰባት መጣ። እጇ ወደ አሥራ ሰባት ሄደ። እስክሪብቶውን አስቀመጠችና ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ ትንሽ ቆየች። ከዚያ አርባ ሰባት ብላ ጻፈች። ይህን በኋላ እሷው ናት የነገረችን።

ተመልሳ ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ውጤቱ ከወር በኋላ ስለሚወጣ የሚጠይቃት አልነበረም፤ ሊጠይቁ የፈለጉትም እትዬ የትምወርቅን ፈርተው ተዉት። እሳቸው ከጎኗ ሆነው ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረዋል። ንፍሮ ዞረ። እትዬ የትምወርቅ በእፍኛቸው ወስደው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ስንዴ ስንዴውን ብቻ ለቅመው ጭናቸው ላይ ደረደሩ። የሚጸልዩ መስሎን ነበር። ሲጨርሱ በሁለት እጃቸው ከፈሉት፤ ግራቸውን ዘርግተው፣ ቀኛቸውን ጨብጠው፣ ወደ ዘነበች ሳያዩ ክንዳቸውን ዘረጉላት።

"ወንድሜ ከቆሎ ትምህርት ቤት በመጣ ቁጥር የሚለማመደው በኔ ላይ ነበር" አሉ። "ሠላሳ ነው። ቆጥሬዋለሁ።"

የተዘረጋው መዳፍ ላይ ስምንት ፍሬ ነበር።

"ሃያ ሁለት" አለች ዘነበች።

የአክስቷን ጭብጥ ግን አላስከፈተችም። በሁለት እጇ ሸፍና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ ለቀስተኛው እስኪበተንም አልለቀቀችውም።