የዘይኑልአቢዲን ጋሻ

ዙሌይካ ከሐይቅ እስከ አምባሰል ምላሷ የተፈራ ባልቴት ነበረች። ያን ዕለት ግን ምላሷ ከላንቃዋ ተጣበቀ። ቀበሌው የሴቶቹን ማኅበር ሰብስቦ፣ አርበኞች ጣሊያንን የገጠሙበትን ገደል ሊያስጎበኝ ወስዷቸው ነበር። እዚያ አንድ የድሮ የእህል መጋዘን ኖራ ተቀብቶ «ሙዚየም» ተብሏል። ከግድግዳው ላይ፣ እዚያው ገደል የወደቀው የባሏ የዘይኑልአቢዲን ጋሻ ተሰቅሏል።

ጋሻውን አምጪ ሲሏት ሰጥታለች። ምንሽር ጠመንጃውን ግን አልሰጠችም፤ ከማሽላ ጉድጓዷ ሥር በቆዳ ተጠቅልሎ ተቀብሯል። ባለፈው ሰሞን አንድ ጎረቤቷ መሣሪያ ደብቀሃል ተብሎ ከገበያ ዳር ተረሽኗል። አታልቅሱ ስለተባለ ሴቱ ሁሉ ነጠላውን ነክሶ ዋለ።

ባንቺአየሁ ጋሻውን አየች። እስላም ሞተ ክርስቲያን፣ የአገሩ አልቃሽ እሷ ናት፤ የጀግና ዕቃ አይታ ዝም ብትል ነውር ነው። ደረቷን ደቃች፦

«ጋሻህ ተሰቀለ ለመንግሥት ግድግዳ፣
ምንሽርህ ብቻውን ይቆዝማል ጓዳ።»

ሴቶቹ «ወይ! ወይ!» አሉ። ልማድ ነው፤ ጀግና ሲሞት፣ ባይኖረውም እንኳ ጠመንጃው ይለቀሳል። ያመጣቸው ካድሬ ፈንታሁን ግን የከተማ ልጅ ነው፤ ልማዱን አያውቅም።

«ቆይ! የምን ምንሽር? የማን ጓዳ?»

ባንቺአየሁ አፏን ያዘች። ፈንታሁን ወደ ዙሌይካ ዞረ።

«እማማ፣ ባልሽ ምንሽር ነበረው?»

ያረቢ፣ ይቅር በለኝ አለች በልቧ።

«ዘይኑልአቢዲን? ያ አህያ ነጂ?» ብላ ሳቀች። «ሙሾ እኮ አህያውን ፈረስ ነው የሚያደርግ፣ ልጄ! ጋሻውም የሰው ነው። ስንቅ ጭኖ መጥቶ፣ ተኩስ ቢሰማ ሲሸሽ ነው ገደል የገባ።»

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ዘይኑልአቢዲን አባቷን ከዚያ ገደል አዝሎ ያወጣላት ተሻለች የምትባል ሴት ከመካከላቸው ነበረች፤ እሷም ነጠላዋን ነከሰች።

ፈንታሁን ዓይን ዓይኗን አየ። ከዚያ ጋሻውን አውርዶ እግሯ ሥር ወረወረው።

«ፈሪ ከጀግኖች ጋር ምን ይሠራል? ውሰጂው፤ ለዶሮ መክደኛ ይሆንሻል።»

«ዶሮዬስ ከሱ ትጀግናለች» ብላ ጋሻውን አነሳች።

ቁልቁለቱ ላይ ባንቺአየሁ ተጠጋቻት። «እቴ ዙሌይካ፣ አፌን ይቁረጠው! እውነት ምንሽሩ አለ እንዴ?»

«አፍሽን ዝጊ፣ አንቺ ቀፎ! ስሞት አልቅሺልኝ፤ ባሌን ግን ሁለተኛ እንዳታነሺው።»

ጋሻውን ከደረቷ ለጥፋ ወረደች። ካድሬው ከኋላ ይከተል እንደሁ ልታይ ብትል፣ አንገቷ አልዞር አላት።