ከላይ የተጻፈው መስመር

ደንበኛ «እስቲ ይሄንንም ጨምሪበት» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ኦቦ ገቢሳ ደግሞ ከዚህ ሌላ ቋንቋ አያውቁም። የሆቴላቸውን ዌብሳይት እንደ አዲስ ልሠራ ስስማማ አሮጌውን አይቼ ስቄ ነበር፤ ጽሑፉ ይንሸራተታል፣ አበባ ይረግፋል፣ የአጎታቸው ፎቶ ሳይቀር አለበት። ሁሉንም ጠራርጌ አወጣሁት። በአንድ ነገር ግን ተጣላን።

«ከስሙ ሥር ‹በቤታችን መጠጥ አይሸጥም፤ ጠዋት ጠዋት ጸሎት አለ› ብለሽ ጻፊ» አሉኝ።

«ኦቦ ገቢሳ፣ ሰው ያለውን ነው እንጂ የሌለውን ያስተዋውቃል እንዴ?»

«ኢንተላ ኮ፣ ኮምፒውተሩን አንቺ ታውቂዋለሽ። እንግዶቼን የማውቃቸው ግን እኔ ነኝ።»

እንዲህ ልጄ ሲሉኝ እሸነፋለሁ። ነቀምት ተወልጄ ባድግም የጎጃሜው አባቴ ግትርነት አለቀቀኝም፤ እያጉረመረምኩ ጻፍኩት። ከሥሩ ግን ገጹን የሚሞላ ፎቶ አደረግሁ። የእሳቸው ምግብ አዳራሽ ፎቶ ጨለማ ስለነበር ከኢንተርኔት ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ፈልጌ ለጠፍኩ። ሳሳያቸው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አይተው «ጥሩ ነው» አሉ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። መንገዱ አስቸግሮ እንግዳ ከጠፋ ወዲህ የሆቴሉ ፎቅ እንደተዘጋ ነው፤ ኦቦ ገቢሳ ለመሸጥ ደላላ እስከ ማነጋገር ደርሰዋል። አሁን ግን ከየወረዳው የሚሰበሰብ የወንጌላውያን መዘምራን ጉባኤ ነቀምት ላይ ሊደረግ ነው። ማረፊያ የሚመርጡት ቄስ ባቻ ናቸው፤ ኑኑ ቁምባ ወረዳ ቁጭ ብለው የየሆቴሉን ዌብሳይት አይተው ይወስናሉ። ጉባኤው ከመጣ ፎቁ ይከፈታል፣ ካልመጣ ቤቱ ይሸጣል።

ቄሱ በሚያዩበት ቀን ጠዋት፣ ቢሮ የምንጋራው ጓደኛዬ ዱረቲ ገጹን ከኋላዬ ቆማ አየችው። እሷም ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች።

«ምነው?» አልኳት።

«መታሰቢያ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ምንድን ነው?»

አየሁ። ቀይ ወይን የተቀዳበት ረጅም ብርጭቆ። ከላይ መጠጥ አይሸጥም ይላል፣ ከታች መጠጡ ተቀድቶ ይጠብቃል። ያን ፎቶ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ያየሁት ግን ጨርቁንና ብርሃኑን ብቻ ነበር።

«በይ ቶሎ አውጪው» አለችኝ። ላወጣው እጄን ስሰድ መብራት ሄደ። ኢንተርኔቱም አብሮት ሄደ። የእኔም የእሷም ስልክ ላይ ዳታ የለም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ።

እዚያ ኢንተርኔት ይኖር እንደሆነ ብዬ ባጃጅ ይዤ ወደ ሆቴሉ በረርኩ። ኦቦ ገቢሳ እንግዳ መቀበያው ጋ ቆመው በስልክ ያወራሉ።

«ኤዬ ቄስ… አዎ፣ ኤዬ…»

ቀና ብለው አይተው በእጃቸው ቆይ አሉኝ። ፊታቸው ምንም አይናገርም። እኚህ ሰው በእኔ ፎቶ የተነሣ ቤታቸውን ሊሸጡ ነው ብዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ስልኩን ዘጉ። «ይመጣሉ» አሉኝ። «ሁሉም እዚሁ ነው የሚያርፉት።»

«ገጹን… አይተውታል?»

«ኑኑ ቁምባ ኔትወርክ የት አለ ብለሽ ነው? ስማችንና ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ብቻ ተከፈተ። ሌላው እየተሽከረከረ ቀረ። ‹መጠጥ አይሸጥም የሚለውን ካነበብን ሌላ ምን እንፈልጋለን› አሉኝ ቄሱ።»

ያገኘሁት ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የረገምኩትን ኔትወርክ በልቤ መረቅሁት። እፎይታ ሰውን እንዲህ እንደሚያፍታታ አላውቅም ነበር። አፌም አብሮ ተፍታታና ሳልጠየቅ የወይኑን ነገር አንድ በአንድ ዘረገፍኩላቸው።

ኦቦ ገቢሳ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወይን ነው እንዴ? እኔ እኮ ካርካዴ መስሎኝ ነው። ፎቶው ላይ ካለ እንግዳው መጠየቁ አይቀርም ብዬ ወሰኔን እንድታፈላ አዝዣታለሁ።»

ምግብ አብሳይዋ ወሰኔ ከማድ ቤት ስትስቅ ተሰማኝ። ወዲያው የቀዘቀዘ ካርካዴ በረጅም ብርጭቆ ይዛ መጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። እውነትም ቁርጥ ወይን ይመስላል። ጥም ይዞኝ ኖሮ ባንድ ትንፋሽ ጨረስኩት።

መብራት እንደመጣ ያን ፎቶ አውጥቼ በቦታው የወሰኔን ካርካዴ ፎቶ አንስቼ አደረግሁበት። ኑኑ ቁምባም ይከፈት ብዬ መጠኑን አሳነስኩት። ከላይ የተጻፈውን መስመር አልነካሁም። ከፎቶው ሥር ደግሞ «ካርካዴ አለን» የሚል ራሴው ጨመርኩበት።